አልነሳም ያለው ማዕዘን፦ ቮልሴን ቦዲና ሻንሲ የለየሁበት ታሪክ

ስድስት ሰው ሆነን ዙሪያዋን ይዘን አንድ፣ ሁለት፣ ሶስት ብለን ስናነሳ ሶስቱ ማዕዘን ከፍ አለ፣ የቀኝ ኋላው ግን ንቅንቅ አላለም። አንዱ "ጨምሩ ጨምሩ!" አለ፣ እኔም ሞኙ "ጨምሩ" አልኩ፣ ከዛ የሆነ ቦታ ቆርቆሮ ሲያቃስት ሰማንና ሁላችንም ደንግጠን መልሰን አስቀመጥናት። ይሄን የምጽፈው ያሮጌ መኪና ቦዲ ከሻንሲ ለመለየት ያሰበ ሰው ያን ድምጽ እንዳይሰማ ነው። እኔ ከዛ ቀን በፊት ሳስብ የከረምኩት ስለ ጉልበት ነበር፣ ስንት ሰው ይበቃል፣ ፓራንኮ (በሰንሰለት እቃ የሚያነሳው) ያስፈልጋል ወይ፣ ክሪኩ ይችላታል ወይ ምናምን። ክብደቱ ግን ጭራሽ ችግር አልነበረም።

መኪናዋ በፈረንጆቹ 1966 የተሰራች 1300 ቮልስ ናት፣ ኤሌክትሪኳ ገና 6 ቮልት የሆነችው። ለማያውቅ ሰው፣ ቮልስ እንደ ፒክአፕ ወይ እንደ ድሮ ላንድሮቨር መሰላል የመሰለ ሻንሲ የላትም። ሻንሲዋ ራሱ ወለሏ ነው። መሀሉ ላይ ቶኔል የሚባል እንደ አከርካሪ ያለ ነገር አለ፣ ግራና ቀኙ ላይ የወለሉ ቆርቆሮ ተበይዷል፣ ከፊት የፊት እግሮቹ ከኋላ ደግሞ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) እና ሞተሩ እሱ ላይ ይታሰራሉ። ቦዲው ከላይ እንደ ክዳን ተቀምጦ ዙሪያውን በቡሎን ይጠብቃል፣ በመሀላቸው የጎማ ጋስኬት አለ። ሲለያዩ የታችኛው በራሱ ጎማ የሚሄድ ጋሪ ይሆናል፣ የላይኛው ደግሞ ባዶ ቅርፊት። ሌላ መኪና ያላችሁ የቡሎኑ ቦታ ይለያያል እንጂ ጣጣው ተመሳሳይ ነው። ቮልስ ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ፣ 1302 እና 1303 የሚባሉት ፊታቸው ላይ ያለው ሾክ ጫፉ ቦዲው ላይ ስለሚታሰር የፊት በኩል ስራው ከዚህ ይለያል፣ የኔን እንዳለ አትከተሉ።

መጀመሪያ ግን ማንሳት ያስፈልጋችኋል ወይ? ብዙ ሰው የሚያነሳው ፎቶው ስለሚያምር ነው እላለሁ፣ አትቀየሙኝ። ቀለም ልትቀቡ ከሆነና ወለሉ ደህና ከሆነ ተዉት፣ ቦዲና ሻንሲው ተለያይቶ ዓመታት ተጥሎ የቀረ መኪና ስንት አይቻለሁ። እኔ ያነሳሁት የወለሉ ጠርዝ በሁለቱም በኩል በስብሶ ስለነበረ፣ በቶኔሉ ውስጥ የሚያልፈው የነዳጅ ቱቦ ስለዛገ፣ የፍሬን ቱቦዎቹም ሁሉም መቀየር ስለነበረባቸው ነው። ደግነቱ ከ21 ሚሊዮን በላይ የተሰራች መኪና ስለሆነች ወለሏ አዲስ ተመርቶ ዛሬም ይገኛል። ላልተለመደ መኪና ግን እቃው መኖሩን ሳታጣሩ አንዲት ቡሎን እንዳትፈቱ።

አንድ ባትላሜራ (የመኪና ቦዲ ጠጋኝ) አውቃለሁ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው። መጥተው እንዲያዩልኝ ለመንኳቸውና ምንም ሳይናገሩ ካቻቢቴ አነሱና በበሩ ስር የሚያልፈውን ሳጥን ብረት፣ ሂተር ቻነል የሚባለውን፣ ወጋ ወጋ አደረጉት። ሶስት ቦታ ላይ ካቻቢቴው እስከ እጀታው ገባ። "ይሄን ይዘህ ካነሳሃት እንደ ፌስታል ነው የምትታጠፍልህ" አሉኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ሂተር ቻነሉ ከሞተር የሚመጣውን ሙቅ አየር ወደ ፊት ያደርሳል፣ ግን ዋናው ስራው እሱ አይደለም፣ የቦዲውን የፊትና የኋላ ክፍል ከታች የሚያያይዘው እሱ ነው። ከላይ ጣሪያው አለ፣ ከታች እሱ አለ፣ መሀሉ የበር ቀዳዳ ነው። ቦዲው ወለሉ ላይ ታስሮ እስካለ ድረስ ወለሉ ይደግፈዋል፣ ስታነሱት ግን ብቻውን ነው። ስለዚህ የበሰበሰ ሂተር ቻነል የሚቀየረው ቦዲው ከመነሳቱ በፊት ነው፣ ወለሉ ላይ እንደታሰረ፣ አንዱን ጎን ጨርሶ ከዛ ሌላውን። ወለሉ ልክ እንደ ቅርጽ ማውጫ ሆኖ ቅርጹን ይጠብቅላችኋል። "መጀመሪያ ላንሳውና ተመችቶኝ እበይደዋለሁ" የሚል ሃሳብ እኔም ነበረኝ፣ ጋሼ ባይመጡ ኖሮ አደርገው ነበር።

ቻነሎቹን እሳቸው በየዱልኝ፣ ድጋፉን ደግሞ እኔ ሰራሁ። 25 በ25 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ (አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) ቆርጬ በበሩ ቀዳዳ ውስጥ ከፊተኛው ምሰሶ ማጠፊያው ካለበት እስከ ኋለኛው ምሰሶ ቁልፉ እስከሚይዝበት አንድ አግድም አንድ ሰያፍ፣ ከዛ ግራውን ከቀኝ ጋር የሚያያይዝ ሌላ አንድ። እዚህ ጋ የሰራሁት ስህተት፣ ቱቦላሬውን የበሩ ቀዳዳ ላይ ልክ አድርጌ በየድኩትና በሩ መዘጋት አቃተው። ምን ችግር አለው በሩ ይወጣ የለ ልትሉ ትችላላችሁ፣ እኔም እንደዛ ብዬ ነበር። ችግሩ ቦዲው መጣመም አለመጣመሙን የሚነግራችሁ ከሁሉ የተሻለ መለኪያ በሩ ራሱ ነው፣ ዙሪያው ያለው ክፍተት። በማንኛውም ሰዓት በሩን መልሳችሁ ሰክታችሁ ዘግታችሁ ማየት መቻል አለባችሁ። ቆርጬ ጣልኩትና ወደ ውስጥ ገባ አድርጌ እንደገና በየድኩት፣ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ሄደ። ከብየዳው በፊት የበሩን ቀዳዳ ከጥግ እስከ ጥግ በሁለቱም ሰያፍ ለክታችሁ የለካችሁበትን ነጥብ በፑንቾ (ብረት ላይ ምልክት መምቻ) ምቱት፣ ቁጥሩን ደግሞ ወረቀት ላይ ሳይሆን ግድግዳ ላይ ጻፉት። ወረቀት ይጠፋል።

ከብየዳ በፊት ደግሞ ሰርባትዮው (የነዳጅ ታንኩ) ወጥቶ ከቤት ውጪ፣ ባትሪው ተነስቶ። ባዶ ሰርባትዮ ከሙሉው ይብሳል ምክንያቱም ውስጡ ያለው ትነት ነው የሚፈነዳው። ሰርባትዮው ለነገሩ ለማንኛውም መውጣት አለበት፣ የፊቶቹ ቡሎኖች ያሉት ከስሩ ነው።

አሁን ወደ መፍታቱ። ወንበሮች፣ መስታወቶች፣ ኮፈኖዎቹ፣ ፓራፋንጎ አራቱም፣ ባምፐር፣ ይሄን ማንም ሰው ስለሚያውቀው አልዘረዝርም። በሮቹን ክፍተታቸውን ካየሁ በኋላ አወጣሁ። ሞተሩን አወረድኩት፣ ካምቢዮው ግን ወለሉ ላይ እንዳለ ይቅር፣ አያስቸግርም። በእጅ የሚያዘውን የማርሽ መቀየሪያ ፈትታችሁ አውጡት። የፍሪሲዮን፣ የነዳጅና የእጅ ፍሬን ሽቦዎች በቶኔሉ ውስጥ ስለሚያልፉ ከወለሉ ጋር ይቀራሉ፣ ፔዳሎቹም እንደዛው፣ እነሱን አትንኩ።

ዋናው ነገር ቦዲውንና ወለሉን የሚያያይዘውን ሁሉ ማግኘት ነው፣ ቡሎን ያልሆነውንም ጭምር። ከፊት ስትጀምሩ የመሪው ዘንግ ከመሪው ሳጥን ጋር የሚገናኝበት ማያያዣ አለ፣ ሰርባትዮው ሲወጣ ይታያችኋል፣ እሱ ይፈታ። ከፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያው ወደ ፍሬን ፖምፓው የሚወርደው ቱቦ፣ ዘይቱን አስቀድማችሁ አፍስሱት፣ ቀለም ላይ ከፈሰሰ ቀለሙን ይበላዋል። ፖምፓው ላይ ያሉት የፍሬን መብራት ሽቦዎች። ከግራ የፊት ጎማ መሀል ተነስቶ ወደ ክሩስኮቶ (ዳሽቦርዱ) የሚወጣው የፍጥነት ቆጣሪ ገመድ፣ ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል ምክንያቱም ገመዱ ከጎማ ይነሳል ብሎ የሚያስብ የለም። ከኋላ ደግሞ ወደ ሞተሪኖ (ሞተር ማስነሻው) እና ወደ ዲናሞ የሚሄዱት ሽቦዎች፣ ከሞተር ወደ ሂተር ቻነሉ የሚገቡት ሁለት የአየር ቱቦዎች፣ የባትሪው የመሬት ገመድ። እያንዳንዱ ሽቦ ከመፈታቱ በፊት ፎቶ፣ ከዛ ጫፉ ላይ በፕላስተር ስም። ከዓመት በኋላ የምታዩት ፎቶ ነው፣ ስለዚህ ቀረብ ብቻ ሳይሆን ራቅ ብላችሁም አንሱ፣ እኔ ጋ ወደ አርባ የሚሆን ፎቶ አለ የምን እንደሆነ የማላውቀው፣ ሽቦ ብቻ ነው የሚታየው።

ቡሎኖቹ። ከስር ዙሪያውን ያሉት በ13 ቁልፍ የሚፈቱ ናቸው፣ እያንዳንዱ አራት ማዕዘን የሆነ ወፍራም ሮንዴላ አለው። ከፊት ሰርባትዮው የነበረበት ስር፣ ከኋላ ወንበር ስር፣ ኋላ ሾኩ ከላይ ከሚታሰርበት አጠገብ ደግሞ ትላልቆቹ አሉ፣ 17 ቁልፍ ነው የሚይዛቸው። ከአንድ ሳምንት በፊት ጀምሬ ማታ ማታ ዝገት የሚፈታ ዘይት እየረጨሁባቸው ነበር፣ እንደዛም ሆኖ ሰባት ተሰበሩ። መሰበሩ እኮ ምንም አይደለም፣ የሚያናድደው ከላይ ሂተር ቻነሉ ውስጥ የተበየደው ዳዶ (ቡሎኑ የሚገባበት ነት) ከቦታው ተላቆ አብሮ ሲዞር ነው። ቁልፉን ታዞሩታላችሁ ታዞሩታላችሁ፣ ቡሎኑ አይወጣም አይገባም። እንደዛ ሲሆን አትታገሉ፣ የቡሎኑን ጭንቅላት በፍሌክስ (በኤሌክትሪክ ብረት መቁረጫ) ቁረጡት። ከስር ተኝታችሁ ስለሆነ መነጽር ብቻ ሳይሆን ፊት የሚሸፍነውን አድርጉ። የወጡትን ደግሞ ካርቶን ላይ የመኪናዋን ወለል ቅርጽ ሳልኩና እያንዳንዱን ከወጣበት ቦታ ላይ ሰካኋቸው፣ ርዝመታቸው እኩል አይደለምና በኋላ ረጅሙን አጭሩ ቦታ ላይ እንዳታስገቡ ይጠቅማል። ካርቶኑ ሌላም ጥቅም ነበረው፣ ያልተሰካበት ቀዳዳ ካለ ያልተፈታ ቡሎን አለ ማለት ነው።

ካርቶኑ ሞላ። ሰዎቹን ጠራሁ። ከላይ እንዳልኳችሁ አልነሳም አለች።

ሁሉም የራሱን ሃሳብ አመጣ፣ ጋስኬቱ ተጣብቆ ነው የሚል ነበር፣ ክሪክ እናስገባበት የሚል ነበር። እውነት ነው ጋስኬቱ ይጣበቃል፣ የዛን ያህል ዓመት ተጭኖ ሬንጅ ሆኗል። ግን ሶስቱ ማዕዘን ለቆ አንዱ ብቻ አልለቅም ካለ ጋስኬት አይደለም። እኔ ግን ክሪኩን አመጣሁት። የእህቴ ባል ነው ያስቆመኝ፣ መካኒክ እንኳን አይደለም፣ "ቆይ፣ ለምን በመብራት አናየውም" አለ። ከስር ገባሁና ጥቁሩን የወለል ቅባት በካቻቢቴ መፋቅ ጀመርኩ። ጣት የሚያህል የብየዳ መስመር። ከኔ በፊት መኪናዋን የያዘ የሆነ ሰው የበሰበሰ ቦታ ለመድፈን ቁራጭ ላሜራ ወለሉንም ሂተር ቻነሉንም አንድ ላይ በይዶባቸው በላዩ ላይ ሬንጅ ቀብቶበታል። ጋሼ ቻነሉን ሲቀይሩ የመጨረሻዋን አንድ ክንድ የምታህል ደህና ናት ብለው ትተዋት ነበር፣ ደህና የመሰለችው ለካ በዛ ላሜራ ነው። ክሪክ አስገብቼ ብገፋ ኖሮ ወይ ወለሉ ይቀደድ ነበር ወይ የኋላው ምሰሶ ይጣመም ነበር።

ስለዚህ የምለምናችሁ፣ ከማንሳታችሁ በፊት ዙሪያውን በሙሉ፣ ቦዲና ወለል የሚገናኙበትን መስመር ቅባቱን ፋቁት። ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ ቆሻሻ ስራ ነው፣ ማስክ አድርጉ ምክንያቱም የድሮ ቀለም ሊድ ሊኖረው ይችላል። መስመሩ ከዳር እስከ ዳር ጥርት ብሎ መታየት አለበት፣ የጠፋበት ቦታ ካለ እዛ ጋ ሰው በይዶበታል። ድሮ ተጠግና የምታውቅ መኪና ከሆነች ደግሞ፣ ያልተጠገነችስ የታለች።

ብየዳውን በቀጭን ዲስክ ቆረጥኩት፣ በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ተሰበሰብን። ባሁኑ ከመጎተት ይልቅ በክሪክ ቀስ እያልን ለማንሳት ወሰንን፣ አራት ሰው ቢበቃም ሰው ድንገት እጁ ሊያመልጠው ይችላል፣ ክሪክ ደግሞ ሲቆም ይቆማል። ሁለት ወፍራም ሞራሌ (የእንጨት አግዳሚ)፣ አንዱ የፊት ባምፐር የሚታሰርበት ጠንካራው ቦታ ስር፣ አንዱ የኋላው ስር፣ ከዛ ከኋላ ሁለት ጣት ያህል፣ ከፊት ሁለት ጣት ያህል፣ በየመሀሉ ቆመን ዙሪያውን በመብራት እናያለን። ጫፍና ጫፉን ይዛችሁ ስታነሱ መሀሉ ወደ ታች መስመጥ ይፈልጋል፣ የቱቦላሬው ድጋፍ የሚሰራው ያኔ ነው። ጋስኬቱ በተጣበቀበት ቦታ የእንጨት ሽብልቅ እየመታን አስለቀቅነው። እንጨት ነው ያልኩት፣ በብረት ከፈለቀቃችሁት ጠርዙ ይጎብጥና መልሳችሁ ስትገጥሙ ውሃ ያስገባል። አንድ ሰው ስራው ማየት ብቻ ይሁን፣ ምንም አይያዝ፣ "ቁም" ሲል ሁሉም ይቆማል። ክሪክ ላይ ብቻ ባለ ነገር ስር ደግሞ ማንም አይገባም፣ እያንዳንዷ ከፍታ ላይ ግንድ ወይም መቆሚያ እየተተከለ።

ስንት ከፍ ማለት አለበት? ይሄን ሳላስብ ነው የገባሁበት። ቦዲው ከወለሉ በጥቂት ሲላቀቅ ያለቀ መስሎኝ ነበር፣ ግን ወለሉን ወደፊት ገፍታችሁ ልታወጡት ከሆነ የኋላ ጎማዎቹ በሂተር ቻነሉ ስር ማለፍ አለባቸው፣ ጎማው 15 ኢንች ሪም ላይ ስለሆነ ቁመቱ ወደ 65 ሳንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ የቦዲው የታችኛው ጠርዝ ከመሬት 70 ሳንቲ ሜትር ካልደረሰ አያልፍም። መቆሚያዎቹን አስቀድማችሁ በዛ ቁመት ስሯቸው፣ የኔዎቹ አጥረው ቦዲው በክሪክ ላይ ተንጠልጥሎ ግንድ ፍለጋ ስንሮጥ ነበር። ወለሉ ሲወጣ መቆሚያዎቹን ከጫፍ ወደ ሂተር ቻነሉ ስር፣ በሁለቱ ምሰሶዎች ትይዩ አዛወርናቸው፣ ለወራት የሚቀመጥ ቦዲ ከጫፍና ጫፍ ብቻ አይደገፍም።

በዛ መሀል "ጥ" የምትል ትንሽ ድምጽ ሰምቻለሁ፣ ምንም አላልኩም። የክላክሱ ሽቦ ነበረች። የመሪው ማያያዣ ላይ የምታልፍ ክር የምታክል ሽቦ አለች፣ ማያያዣውን ስትፈቱ እሷንም ንቀሉ። እኔ ያወቅኩት መኪናዋ ተገጥማ ካለቀች በኋላ ክላክስ አልሰራ ሲለኝ ነው።

ወለሉ ራቁቱን ሲወጣ ለመብየድ አትቸኩሉ፣ በመጀመሪያ የሻንሲ ቁጥሩን ፈልጉ። ቮልስ ላይ የኋላ ወንበር ስር ቶኔሉ ላይ ነው የተመታው። ፎቶ አንሱት፣ በፕላስተር ሸፍኑት፣ ፍሌክስም አሸዋም እንዳይነካው። ከሰነዱ ጋር የሚመሳከረው እሱ ነው፣ ከጠፋ መኪናዋ በወረቀት የለችም ማለት ነው። ከዛ የነዳጅ ቱቦውን፣ የፍሬን ቱቦዎቹን፣ ቶኔሉ ውስጥ የካምቢዮ ዘንግ የምትይዘዋን ትንሿን ቡሽ፣ ባጠቃላይ ቦዲው ካለ እጅ የማይገባበትን ሁሉ ቀይሩ። ቡሿ ዋጋዋ ምንም ነው፣ ግን ማርሽ የሚገባበትን ቦታ እየፈለጋችሁ የምትቸገሩት እሷ ስታልቅ ነው። ፍሬኖቹን ስትከፍቱ ደግሞ አቧራውን በአየር አትንፉ፣ የድሮ ፍሬን ሸራ አስቤስቶስ አለው፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።

መመለሱ ከማንሳቱ ቀለል ይላል። አራት ረጃጅም ቡሎኖች ገዝታችሁ ጭንቅላታቸውን ቁረጡና ቦዲው ላይ ባሉት ዳዶዎች ውስጥ በአራቱ ማዕዘን ወደ ታች እንዲንጠለጠሉ አስገቧቸው፣ ቦዲው ሲወርድ የወለሉን ቀዳዳ ራሳቸው ይፈልጉታል፣ አዲሱ ጋስኬትም አይንሸራተትም። ከማውረዳችሁ በፊት በየዳዶው ውስጥ ጥርስ ማውጫ (የቡሎን ጥርስ የሚያወጣውን መሳሪያ) አስገብታችሁ አጽዱ፣ ቀለም ሞልቷቸው ነው የሚጠብቋችሁ። ሁሉንም ቡሎን በእጅ ካስጀመራችሁ በኋላ ነው ቁልፍ የሚነሳው፣ አንዱን መጀመሪያ ካጠበቃችሁ የመጨረሻዎቹ ሶስቱ ቀዳዳቸውን አያገኙም። በሮቹን ደግሞ ቡሎኖቹ ገና ላላ እንዳሉ ስቀሏቸው፣ ክፍተቱን እያያችሁ፣ ከዛ አጥብቁ፣ ቱቦላሬውን የምትቆርጡት ከዛ በኋላ ነው።

የኔ ግድግዳ ላይ የጻፍኩት ቁጥር በስተቀኝ በኩል ልክ ገጠመ፣ በአንድ ጣት ይዘጋል። በስተግራ 2 ሚሊ ሜትር ትለያለች፣ በሩን ትንሽ ከፍ አድርጎ መዝጋት ይጠይቃል። ጋሼ የማጠፊያው ፒን አልቆ ነው ይላሉ፣ እኔ ያን ቀን "ጨምሩ" ያልኩት ይመስለኛል።